ነፋሱ ስንት ያስቀንሳል?

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የወረደ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ከተማዋ ገና በቅጡ ሳትታይ ኮረብታው ላይ ተደርድረው ይቀበሉታል፤ ነጫጭ፣ ረጃጅም፣ ባለ ሦስት ክንፍ። የአዲስ አበባ ልጆች ቅዳሜና እሁድ ሲመጡ በመኪና መስኮት ፎቶ ያነሷቸዋል፣ «ዋው አዳማ!» ብለውም ለጓደኞቻቸው ይልካሉ። እኛ ግን እዚሁ ያደግን ነንና «ዋው» ማለት ካቆምን ቆይተናል። ለእኛ ጎረቤት ናቸው። ጎረቤት ደግሞ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ፎቶ አይነሳም፤ ይታማል እንጂ።

ዛሬ ልናማቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ሊሸጥ ነው። (ወይም አይሸጥም፤ ገና አልተስማማንም።) እናታችን ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ቤቱን ከአባታችን ጋር ሆነው በዕቁብና በብድር፣ አንድ ክፍል ዘንድሮ አንድ ክፍል ለከርሞ እያሉ ነው የሠሩት። ያኔ ሰፈራችን የከተማው የመጨረሻ ጫፍ ነበር፤ ከእኛ አልፎ ያለው ማሳና ኮረብታ ብቻ። ታላቅ ወንድማችን አሁን አዲስ አበባ ሆኖ የኮንዶሚኒየም ዕዳ ይከፍላል። «ቤቱ ይሸጥ፣ ዕዳው ይዘጋ፣ እማዬም እኛ ጋ ትምጣ» ይላል። እማዬ ደግሞ «እኔን ከዚህ የሚያወጣኝ ቃሬዛ ነው» ትላለች። እኛ፣ የቤቱ የመጨረሻ ሴት ልጅ፣ መሃል ላይ ተቀምጠን ቡና እናፈላለን።

ባለፈው ሰሞን ወንድማችን የላከው ደላላ ገዢ ይዞ መጣ። ካርታውን አዩ፣ ቧንቧውን ከፍተው ዘጉ፣ ሰርቪሱን ቆጠሩ፣ ግድግዳውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉ። ሁሉም ተስማማቸው። ከዚያ ደላላው በረንዳው ላይ ቆሞ ወደ ኮረብታው እያየ በረጅሙ ተነፈሰ።

«እናቴ፣ ቤቱስ ጥሩ ነው። ግን እነዚያን ነገሮች እያየ የሚኖር ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሰዉ ድምፅ አላቸው ይላል፤ ጨረርም አላቸው ይላል።»

ዘጠኝ ሚሊዮን ብር የተባለው ቤት ስምንት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ ሆነ። 900 ሺህ ብር ለነፋሱ ተቀነሰ ማለት ነው።

እማዬ ፊቷን እንኳ አላዞረችም። «ልጄ፣ ነፋሱ እኔ ስመጣም ነበር» አለችና ስኒውን ሰበሰበች። ገዢው ሄደ። ወንድማችን ስልክ ደውሎ አኮረፈ።

እኛ ግን ነገሩ ከነከነን። አራት ዓመት ሙሉ ጋዜጠኝነት ስንማር «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» ብለን እንድንጠይቅ ተነግሮናል። «ስንት?» የሚለው ጥያቄ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። እዚህ አገር ደግሞ ትልቁ ጥያቄ ምንጊዜም «ስንት?» ነው። እናም ጠየቅን፤ ለመሆኑ ነፋሱ ከቤት ዋጋ ላይ ስንት ያስቀንሳል?

መጀመሪያ ጎረቤቶቻችንን እናስተዋውቃችሁ። አዳማ አንድ የተባለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እኛ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። 34 ተርባይኖች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 51 ሜጋ ዋት። በ2007 ዓ.ም. አዳማ ሁለት በ102 ተርባይኖችና በ153 ሜጋ ዋት ተከተለ። ለሁለቱም አብዛኛውን ገንዘብ ያበደረው የቻይናው ኤግዚም ባንክ ነው። በመካከሉ በ2006 ዓ.ም. መቀሌ አጠገብ 120 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አሸጎዳ ተመርቋል። የእኛዎቹ ክንፋቸው ወደ ላይ ሲቀና ጫፉ ከመሬት ከ100 ሜትር በላይ ይሆናል፤ የሠላሳ ፎቅ ሕንፃ አስቡት።

እዚህ የተተከሉትም ለጌጥ አይደለም። አዳማ ነፋሷንና አቧራዋን ለማንም አትደብቅም። በተለይ በበጋ ነፋሱ ይበረታል፤ የአገሪቱ መብራት በአብዛኛው የተንጠለጠለባቸው ግድቦች ውኃቸው የሚቀንሰውም በዚያው በበጋ ነው። ስለዚህ ውኃው ሲደክመው ነፋሱ ተራውን ይሠራል። እኛ በዚህ ጠብ የለንም። ጨረር የሚሉት ነገርም የደላላ ተረት ነው፤ ክንፉ ይዞራል፣ ክንፉ ጄኔሬተር ያዞራል፣ ጄኔሬተሩ መብራት ያመነጫል፤ በቃ። ድምፅ አለው፤ እሱ እውነት ነው። ድምፅ ግን በርቀት ይሞታል። ከበረንዳችን እስከ ቅርቡ ማማ ድረስ በስልክ ካርታ ስንለካው ከአራት ኪሎ ሜትር ያልፋል። እዚያ ርቀት ላይ የምንሰማው ባጃጅ እንጂ ተርባይን አይደለም።

ከዚያ ደላሎችን ጠየቅን። አንዱ «ያስቀንሳል፣ ሰው ይፈራል» አለን። ሁለተኛው «እንዲያውም ይጨምራል፤ እነሱ ከመጡ ወዲህ ነው ያ አካባቢ የታወቀው» አለን። ሦስተኛው ዕድሜው ገፋ ያለ ነው፤ ሳቀብንና «ልጄ፣ ሰው የሚጠይቀኝ ሦስት ነገር ነው፤ ካርታ፣ ውኃ፣ አስፋልት። ስለ ነፋስ የሚጠይቀኝ ሊቀንስ የፈለገ ብቻ ነው» አለን። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም ገዢ ይዤ ስመጣ ያስቀንሳል እላለሁ፣ ሻጭ ሲልከኝ አየሩ ንጹሕ ነው እላለሁ» አለ። ለዚህ ሰውዬ ክብር አለን። በዚህ ከተማ ያገኘነው ግልጽ የመረጃ ምንጭ እሱ ብቻ ነው።

ደላላ ያልነገረንን ፍለጋ ወደ ውጭ አገር ጥናቶች ገባን። ፈረንጆቹ ይህን ጥያቄ ዓመታት ለፍተውበታል። በአሜሪካ የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት በ9 ግዛቶች ውስጥ የተካሄዱ ከ50 ሺህ በላይ የቤት ሽያጮችን መረመሩ፤ ተርባይን ዋጋ ማስቀነሱን የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኙም። በእንግሊዝና በዌልስ ግን እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ተርባይን በሚታይበትና በሁለት ኪሎ ሜትር ውስጥ ባለ ቤት ላይ በአማካይ ከ5 እስከ 6 በመቶ ቅናሽ አገኘ። ኔዘርላንዶች እ.ኤ.አ. በ2021 ቁመቱን ለያዩት፤ ከ150 ሜትር በላይ የሆነ ተርባይን በሁለት ኪሎ ሜትር ውስጥ 5 በመቶ ያህል ሲያስቀንስ ከ50 ሜትር በታች የሆነው ግን ያስቀነሰው ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2024 ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ወጡ፤ ሁለቱም ከአሜሪካ። አንደኛው ከ300 ሚሊዮን በላይ ሽያጮችን ተመልክቶ በ10 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ቢያንስ አንድ ተርባይን የሚታይበት ቤት በአማካይ 1 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ፣ እሱም በጊዜ ብዛት እየጠፋ እንደሚሄድ አገኘ። ሁለተኛው ይበልጥ ልባችንን ነካው። ከተርባይኑ በአንድ ማይል፣ ማለትም በ1.6 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉ ቤቶች ዋጋቸው 11 በመቶ ወረደ ይላል። ግን መቼ? ፕሮጀክቱ ሊመጣ ነው ከተባለበት ቀን ጀምሮ፤ ገና አንድ ብሎን ሳይታሰር! ተርባይኑ መዞር ከጀመረ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ዋጋው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቅናሹም የታየው ሕዝብ በብዛት በሚኖርባቸው አካባቢዎች እንጂ በገጠሮቹ አልነበረም።

እስቲ ይህን ቆም ብለን እንየው። ዋጋውን በብዛት የሚጥለው ወሬው ነው። ሰው ያላየውን ነገር ይፈራል፤ ድምፁ ስንት እንደሆነ አያውቅም፣ ጥላው መስኮቱ ላይ ይወድቅ አይወድቅ አያውቅም፤ ስለማያውቅ ርካሽ ይጠይቃል። ተርባይኑ ከተተከለ በኋላ ግን የሚታየው ይታያል፣ የሚሰማው ይሰማል፣ የሚለመደው ይለመዳል። ጎረቤቶቻችን ከተተከሉ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ስለዚህ ያ ደላላ በረንዳችን ላይ ቆሞ ያስከፈለን ጊዜው ያለፈበትን ፍርሃት ነው።

ሒሳቡን ለወንድማችን በጽሑፍ ላክንለት። የዘጠኝ ሚሊዮን ብር አንድ በመቶ 90 ሺህ ብር ነው። ደላላው የጠየቀው 900 ሺህ ነው። የአንዲት ዜሮ ልዩነት! ወንድማችን «የአሜሪካ ጥናት ለአዳማ ቤት?» ብሎ መለሰልን። እውነቱን ነው፣ የፈረንጅ ቁጥር እንደ ፈረንጅ ጫማ ነው፤ እግር ላይ ሳይለካ አይገዛም። እዚህ አገር ግን መለካቱ ራሱ ይከብዳል። እነሱ ቤት የተሸጠበት ዋጋ ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ ተመራማሪው ቁጭ ብሎ ይቆጥረዋል። እኛ አገር ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋና እጅ ለእጅ የሚቆጠረው ዋጋ ስንት ጊዜ ነው የሚገናኙት? እውነተኛውን ዋጋ የሚያውቁት ሻጭ፣ ገዢና ደላላ ናቸው። ማስረጃ በሌለበት ገበያ ደግሞ ደፋር የተናገረው ዋጋ ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ስለ እኛ ቤት ስናወራ ነበር። የእኛ ቤት ግን ከተርባይኑ አራት ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከሥራቸው የሚኖሩትስ?

ለእናታችን ዓመት ከዓመት ቅቤ የምታመጣላት አንዲት እናት አሉ። «አዴ» እንላቸዋለን። ከኮረብታው ነው የሚወርዱት፤ ማማዎቹ ከቆሙበት። ስለ ቤታችን ጉዳይ ስንነጋገር ሰምተው ሳቁ። በእሳቸው ኦሮምኛና በእኛ አማርኛ ተደጋግፈን እንዲህ ተጨዋወትን። ማታ ማታ ነፋሱ ሲበረታ ድምፁ የሩቅ ወፍጮ ይመስላል አሉን። ከብቶቹ መጀመሪያ ደንግጠው ነበር፣ አሁን ጥላው ሥር ይተኛሉ። ከማሳቸው ጥጉ ተወስዶ ካሳ ተከፍሏቸዋል፤ ገንዘቡ ቆርቆሮ ሆነ፣ በሬ ሆነ፣ የቀረው የልጅ ሠርግ ሆነና አለቀ። በቀረው መሬት ጤፍ ይዘራሉ፣ እስከ ማማው እግር ድረስ ይታረሳል። ከእሳቸው አጥር ማዶ ያለው ጎረቤታቸው ድምፁን ከእሳቸው በላይ ይሰማል፤ ግን ከመሬቱ ስንዝር ስላልተነካ ሳንቲም አላገኘም።

«ታዲያ ቤትዎ ዋጋው ቀንሶ ይሆን?» ብለን ጠየቅናቸው። ጥያቄው ራሱ አልገባቸውም። ማንስ ይገዛዋል?

እኛም የገባን ያኔ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ከተማ ውስጥ ቤት ስንሸጥ በወረቀት የምንሸጠው ግድግዳና ጣሪያ ነው፤ ሁላችንም እንደምናውቀው ግን ገዢው የሚከፍለው ለቦታው ነው። ስለዚህ የከተማ ሰው፣ በወረቀትም ባይሆን በገበያ፣ የቦታ ዋጋ አለው። ዋጋ ስላለው ቀነሰብኝ ብሎ መጮህ ይችላል። ገበሬው ግን የመጠቀም መብት እንጂ የሚሸጥ ዋጋ የለውም። ዋጋ የሌለው ነገር እንዴት ብሎ ይቀንሳል?

ሕጉ የሚያየውም ምርቱን ነው። የአዳማ ማመንጫዎች ሲሠሩ በሥራ ላይ የነበረው የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ከመሬቱ ለዘለቄታው ለሚነሳ ገበሬ በመሬቱ ላይ ካለው ንብረት ካሳ በተጨማሪ ያለፉትን አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ ይሰጥ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን አሻሽሎ በሦስት ዓመት ውስጥ የተገኘውን ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ አሥራ አምስት እጥፍ አደረገው፤ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ አሰበ። ባይነሳም ሥራው ወይም ንግዱ የተቋረጠበትን ሰው እንኳ አልረሳም። መሻሻል ነው፣ አንክድም። ነገር ግን የአዴ ጎረቤት፣ መሬቱ ያልተነካው፣ ሥራው ያልተቋረጠው፣ ሌሊቱን ሙሉ ወፍጮ የሚሰማው ሰውዬ፣ በየትኛውም እጥፍ ውስጥ አይገባም።

ሌላው ዓለም ለእንዲህ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ዴንማርክን እንይ፤ ነፋስን ከማንም ቀድመው የገበዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ሕጋቸው መሠረት ተርባይን የሚተክል ድርጅት የጎረቤቱን ቤት ዋጋ ከ1 በመቶ በላይ ካስቀነሰ ልዩነቱን ይከፍላል። ተመልከቱ፤ የሚከፈለው መሬቱ ስለተወሰደ አይደለም፣ ጎረቤት ስለሆነ ነው። ከዚህም በላይ ድርጅቱ ቢያንስ 20 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ በ4.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች ለሽያጭ የማቅረብ ግዴታ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2020 ይህኛው ተቀይሮ በቅርብ ለሚኖሩት በየዓመቱ በሚከፈል ገንዘብ ተተካ። ኮፐንሃገን ፊት ለፊት ባሕር ላይ የቆሙት የሚድልግሩንደን 20 ተርባይኖች ሲተከሉ ደግሞ ግማሹ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች በአክሲዮን የገዙት ነበር። የራሱ ተርባይን የሚያሰማው ድምፅና የባዕድ ተርባይን የሚያሰማው ድምፅ ለጆሮ አንድ ቢሆንም ለልብ አንድ አይደለም።

«ዴንማርክ ሩቅ ናት» እንዳትሉን። አርሲ ውስጥ፣ ኢተያ አካባቢ የተነሳው የአሰላ የነፋስ ኃይል ማመንጫ፣ 29 ተርባይኖችና 100 ሜጋ ዋት፣ በዴንማርክ መንግሥት ድጋፍና ከዴንማርክ ባንክ በተገኘ ብድር ነው። ከአዳማ አንድ ጥሩ ሹፌር ቢበዛ በሁለት ሰዓት ያደርሳችኋል። የዴንማርክ ገንዘብ እዚህ ድረስ መጥቷል። የጎረቤት ሕጋቸው ግን ከድንበራቸው አይሻገርም፤ እሱን ማውጣት የእኛ ሥራ ነው።

አንዳንድ ሰው «ድሃ አገር ይህን ሁሉ ካሳ ከየት አምጥቶ?» ይለናል። እንደ ዴንማርክ ለእያንዳንዱ ቤት ገማች ይላክ አላልንም። የሽያጭ ገበያ በሌለበት የቤት ዋጋ መገመትም ትርጉም የለውም። እኛ የምንለው ቀላል ነው። ከዋጋ ይልቅ ድርሻ ይሰጥ። ኮረብታው ከሚያመነጨው መብራት መጀመሪያ ኮረብታው ላይ ያለው ቤት ይብራ። ከሽያጩ በየዓመቱ ትንሽ ተቆርሳ ለማማው ጎረቤቶች፣ መሬቱ ለተነካውም ላልተነካውም፣ ትድረስ። አንዴ ተከፍሎ ቆርቆሮና ሠርግ ሆኖ ከሚያልቅ ገንዘብ ክንፉ እስከዞረ ድረስ የምትመጣ ትንሽ ገንዘብ ትበልጣለች። ያኔ ነፋሱ ሲነፍስ አዴም እንደ እኛ «እሰይ፣ ዛሬ ይሠራል» ይላሉ።

ምክንያቱም አንድ ነገር ሳንነግራችሁ ቀርተናል። አዴ ቅቤውን አስረክበው፣ ቡናቸውን ጠጥተው ከመሄዳቸው በፊት ሁልጊዜ የሚጠይቁን አንዲት ነገር አለች፤ ስልካቸውን ቻርጅ እንድናደርግላቸው። ሰማንያ ብሎኬት ሳይርቃቸው 1.5 ሜጋ ዋት እየዞረ፣ ስልካቸውን ይዘው አራት ኪሎ ሜትር ይወርዳሉ።

ከወንድማችን ጋር እስካሁን የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ቤቱ ይሸጥም አይሸጥም፣ ለነፋሱ ተብሎ ከእማዬ ዋጋ ላይ ሳንቲም አይቀነስም። የሚቀጥለው ደላላ ወደ ኮረብታው እያየ በረጅሙ ቢተነፍስ የምንመልስለትንም አዘጋጅተናል። ነፋሱ ዕዳ አለበት፣ ልክ ነህ፤ ዕዳው ግን የእኛ አይደለም። ወደ ላይ ወጥተህ ከማማው ሥር ያሉትን ጠይቅ።